ኮምባይነሩና ምዕራፍ ሦስት

ሐሙስ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከሮቤ ወደ ሲናና በሚወስደው መንገድ፣ በአዴ ዙሀይራ ማሳ ዳር፣ በኮምባይነሩ ጥላ ሥር በተደረገው ስብሰባ የተገኙት እነዚህ ናቸው፦ ሰብሳቢው ጋሼ እሸቴ፣ የአንደኛው ቡድን ተወካይ ፍቅርአዲስ እሸቴ፣ የሁለተኛው ቡድን ተወካይ ገዳ፣ የሦስተኛው ቡድን ተወካይ ኦቦ ሱሌይማን፣ ድምፅ ባይኖራቸውም ተረኛ ስለሆኑ የመጡት አዴ ዙሀይራ፣ የማሽኑ ኦፕሬተር ቶፊቅ እና ጸሐፊው እኔ ክብሩ።

ይህ በመዝገቡ ላይ አለ። በመዝገቡ ላይ የሌለው ፍቅርአዲስ እጮኛዬ መሆኗ ነው። ሠርጋችን እሑድ ጥር 18 ቀን ነበር የተቆረጠው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔ ግን በሰው ፊት ስሟን ጠርቼ አላውቅም። ልጠራት ስል ጆሮዬ ይግላል፣ ከዚያ የምጠራው ስም ይጠፋኛል። በዚያ ሳምንት ደግሞ ብሶብኝ ነበር። ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ባዶ ጀሪካን ይዤ እየሣቅሁ ወደ ቤት እመለስ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበረብን። ድንኳኑን የምንተክልበት ቦታ የለንም። አባቴ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ቤታችን ግድግዳ ድረስ ስንዴ ይዘራል። እናቴ ወይዘሮ ሸዋርጋ፣ «በዚህ ግቢ ስንዴ ያልደረሰበት ምድጃዬ ብቻ ነው» ትላለች። ከጎባ የምንከራየው ድንኳን አራት መቶ ሰው ይይዛል፤ አራት መቶ ሰውም ጠርተናል። ስንዴው ካልታጨደ ሙሽራዋን ተቀብዬ የማስገባት በዛላ መካከል ነው። በእጅ እንዳናጭደው፣ የታጨደው ተከምሮ የሚወቃው እዚያው ድንኳኑ በሚተከልበት ቦታ ነው። ኮምባይነር ግን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ሜዳውን ባዶ ትቶልህ ይሄዳል።

ኮምባይነሩ የሦስት ቡድን ነው። አንደኛው ቡድን በጎባ መንገድ በኩል ያሉት፣ የጋሼ እሸቴ ወገን ነው። ሁለተኛው መሀል ላይ ያለነው እኛ ነን። ሦስተኛው ወደ ሲናና ያሉት፣ የኦቦ ሱሌይማን ወገን ነው። የእኛና የአዴ ዙሀይራ ማሳ ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየን አንድ ቦይ ነው። ቡድናችን ግን ይለያያል፤ ማሽኑ አሁን በሦስተኛው ቡድን ተራ ላይ ነው፣ ወደ እኛ የሚሻገረው እነሱን ሲጨርስ፣ ከሠርጉ በኋላ ነው። ቦዩ የክልል ወሰን ነው ብላችሁ ያዙት።

እንዲህ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋሼ እሸቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጎባ የሥነ ዜጋ መምህር ነበሩ። ማሽኑ የተገዛ ጊዜ ለመተዳደሪያ ደንቡ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ፣ እሳቸው የሕገ መንግሥቱን መጽሐፍ ከኮታቸው ኪስ አውጥተው፣ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ አገር የሚያስተዳድር ነገር አንድ ማሽን ያቅተዋል?» አሉ። እንደዚያው ተሠራ። ለማእከሉ የተሰጠው ሥልጣን ሦስት ነው፦ ነዳጅ፣ መለዋወጫና ኦፕሬተር። ለማእከሉ ያልተሰጠ ሁሉ የቡድኖቹ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ከአንቀጽ ሃምሳ ሁለት ነው የወሰዷት፤ ያልተሰጠው የክልል ነው ከሚለው። ደንቡ የሚሻሻልበትን መንገድም ከአንቀጽ መቶ አምስት ቀዱ። ተራ ጉዳይ ከሆነ ከሦስቱ ቡድን የሁለቱ ተወካዮች ድምፅ ይበቃል። ምዕራፍ ሦስት፣ ማለትም የአባላት መሠረታዊ መብት የሚነካ ከሆነ ግን ሦስቱም ቡድኖች በየራሳቸው ጉባኤ፣ የሰባት ቀን ጥሪ ተደርጎ መስማማት አለባቸው።

ጸሐፊ ያደረጉኝም እሳቸው ናቸው። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም፣ «ይህ ልጅ ፊደል አይሳሳትም፣ ደግሞም አይናገርም፤ ለጸሐፊ ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» አሉ። ደንቡን በእጄ ሦስት ጊዜ ገለበጥኩት፣ ለየቡድኑ አንድ አንድ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ኮምባይነሩ ያለፈውን ማሳ ጨርሶ አፉን ወደ አዴ ዙሀይራ ስንዴ አዙሮ ቆሟል። ቶፊቅ መሰላሉ ላይ ተቀምጧል። ከአዴ ዙሀይራ ቤት የዶሮ ሽታ ይመጣል። ተራ የደረሰው ሰው ለኦፕሬተሩ ምሳ ይሠራል፤ አዴ ዙሀይራም ከሌሊት ጀምረው ሁለት ዶሮ አሳርደው ነበር።

ጋሼ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የዛሬው አጀንዳ አንድ ነው። ደንቡን እናሻሽላለን። ማሻሻያው እንዲህ ይላል፦ ማእከሉ ለጋራ ጥቅም አስፈላጊ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ማሽኑን ወደ ማንኛውም ማሳ ሊልክ ይችላል።»

«አስፈላጊ የሚለውን ማን ያውቃል?» አሉ ኦቦ ሱሌይማን።

«ማእከሉ።»

«ማእከሉ ማነው?»

ጋሼ እሸቴ ዞር ዞር ብለው አዩ። «ለጊዜው እኔ ነኝ።»

ገዳ ሣቀ። ገዳ የእናቴ ጎረቤት ነው፤ ማንኛውንም ነገር ቶሎ ጨርሶ ሮቤ መውረድ ይወዳል። «ጋሼ፣ በግልጽ ይንገሯቸው እንጂ። የክብሩ ሠርግ ደርሷል፣ ድንኳን መትከያ የለም። ማሽኑ ዛሬውኑ ወደ እኛ ይምጣ ነው ነገሩ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መዝገቡ ዞርኩ።

«ለሠርጉ ከሆነ ምን ገዶኝ» አሉ ኦቦ ሱሌይማን። «ለሠርግ ብቻ ብለው ይጻፉት፣ እኔም እጄን አወጣለሁ።»

«ሥልጣን እንደዚህ እየተሸረፈ አይሰጥም፣ ኦቦ ሱሌይማን። ዛሬ ለሠርግ ብለን፣ ነገ ዝናብ ቢመጣስ? ከነገ ወዲያ ተምች ቢመጣስ? በየጊዜው ልንሰበሰብ ነው?»

«ማሽኑ ከክብሩ ቤት በኋላ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ አንደኛው ቡድን።»

«ወደ እርስዎ ስንዴ ማለት ነው።»

«የእኔ ስንዴ በአንደኛው ቡድን ውስጥ መኖሩ አጋጣሚ ነው።»

«የእኛ አሥራ ሁለት ማሳ ደርቆ እየቆመ ማለት ነው። አዴ ዙሀይራ ደጃቸው የቆመውን ማሽን ጀርባውን እያዩ ማለት ነው።»

አዴ ዙሀይራ ነጠላቸውን አስተካክለው ስንዴያቸውን ያያሉ። ቶፊቅ ከመሰላሉ ላይ፣ «ማሽኑ ከሄደ ዶሮው አብሮ ይሄዳል ወይስ ይቀራል?» ሲል ጠየቀ።

«ኦፕሬተር በስብሰባ አይናገርም» አሉ ጋሼ እሸቴ።

«ኦፕሬተር ለማእከሉ ነው የተሰጠው አሉ። የማእከሉ አፍ የለውም እንዴ?»

ድምፅ ተሰጠ። ፍቅርአዲስ እጇን አወጣች። የቡድኑ ተወካይ ያደረጓት አባቷ ጋሼ እሸቴ ሰብሳቢ ሆነው ድምፅ መስጠት ስለማይችሉ ነው፤ እሷ ግን አባቷን አላየችም፣ እኔን እያየች ነበር እጇን የሰቀለችው፤ ምላሷንም በትንሹ አወጣችብኝ። ገዳ አወጣ። ኦቦ ሱሌይማን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሁለት ለአንድ» አሉ ጋሼ እሸቴ። «ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። ጸድቋል። ክብሩ፣ ጻፍ።»

ብዕሬን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ቀለሙ አንዲት ነጥብ ሠራ፣ ነጥቧ ሰፋች፣ እኔ ግን ፊደል አልጻፍኩም።

እኔ ብቻ የማውቀው ነገር ነበረና። ደንቡን የገለበጥኩ ጊዜ የምዕራፍ ሦስት ገጽ በግማሽ ባዶ ቀረ። ጋሼ እሸቴ ወረቀት ሲባክን አይወዱም፤ አጠገቤ ቆመው «ባዶ ቦታ አታስቀር» አሉኝ። እኔም መጨረሻ ላይ ያነበቡልኝን ሁለት አንቀጾች እዚያው ባዶው ላይ ጻፍኳቸው። አንደኛው የማሽኑ ተራ ነው። ሁለተኛው የኦፕሬተሩ ምሳ ነው። ከዚያ ሁሉም በየገጹ ፈረሙ፤ አዴ ዙሀይራም በጣታቸው ፈረሙ። ስለዚህ በእኛ አገር የማሽኑ ተራ መሠረታዊ መብት ነው። በሁለት እጅ አይሻሻልም።

ዝም ብዬ «ጸድቋል» ብዬ ብጽፍ ማንም አያውቅም ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ድንኳኔ ይተከላል፣ ፍቅርአዲስ ከመኪና ትወርዳለች። ይህን ሳስብ ልቤ እንደ ማሽኑ ሞተር ይዘል ጀመር። ግን ያንን ገጽ ሦስት ጊዜ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። የሌለውን አለ ብዬ ለመጻፍ እጄ አልታዘዘኝም፤ አለመታዘዙ ደግሞ አናደደኝ፣ የራሴ እጅ ስለሆነ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉ ጋሼ እሸቴ።

መናገር አልችልም። ማንበብ ግን እችላለሁ፤ ማንበብ ሥራዬ ነው። ተነሣሁ። «የሚሻሻለው አንቀጽ አስቀድሞ ይነበባል» አልኩ፤ ይህም በደንቡ አለ። ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ ማንበብ ጀመርኩ።

«ምዕራፍ ሦስት። የአባላት መሠረታዊ መብቶች። አንቀጽ ሰባት፦ ማንኛውም አባል በስብሰባ ላይ አይሰደብም። አንቀጽ ስምንት፦ ማንኛውም አባል በሃይማኖቱ፣ በቋንቋውና በማሳው ስፋት ምክንያት አይናቅም። አንቀጽ ዘጠኝ፦ ማሽኑ ከማሳ ወደ ማሳ በተራ ይሄዳል፤ የደረሰ ስንዴ አልፎ አይሄድም። አንቀጽ አሥር፦ ኦፕሬተሩ ምሳውን የሚበላው በሚያጭድለት ሰው ቤት ብቻ ነው።»



«ምሳ መሠረታዊ መብት ነው እንዴ?» አሉ ኦቦ ሱሌይማን።

«ለእኔ ነው» አለ ቶፊቅ።

«አንቀጽ ሃያ አንድ» ብዬ ቀጠልኩ፤ ከቆምኩ መልሼ እንደማልጀምር ስለማውቅ። «በምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩት ሊሻሻሉ የሚችሉት ሦስቱም ቡድኖች በየጉባኤያቸው ሲስማሙ ብቻ ነው።»

ጋሼ እሸቴ መዝገቡን ከእጄ ወስደው መነጽራቸውን አደረጉ። ገጹን አዩት። ገልብጠው አዩት። እንደገና መልሰው አዩት።

«ይህን እዚህ ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«ባዶ ቦታ አታስቀር ብለውኝ።»

ፍቅርአዲስ አፏን በእጇ ያዘች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስሕተት ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ እሸቴ። «ወደ ምዕራፍ አምስት እናዛውረውና ድምፃችን ይጸናል።»

«ማዛወርም ማሻሻል ነው፣ ጋሼ» አሉ ኦቦ ሱሌይማን። «እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።»

«አንተን መቼ አስተማርኩህ?»

«ልጄን አስተምረውታል። ልጄ ደግሞ ማታ ማታ እኔን።»

ጋሼ እሸቴ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ የሰው ፊት ሁሉ እንደ ተማሪ ወደ እሳቸው መዞሩን አዩ። እንደዚያ ሲታዩ መዋሸት አይችሉም። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። መዝገቡን መለሱልኝ። «አልጸደቀም ብለህ ጻፍ» አሉ። መነጽራቸውን እያወለቁም፣ «ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ አንድ ያዳመጠኝ ተማሪ ተገኘ፤ እሱም በእኔው ላይ» አሉ። ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ንዴት ብቻ አልነበረም።

ገዳ ሰዓቱን አየ። «ይሁን፣ ለሠርግ ብቻ የሚለውን እንያዝ። ኦቦ ሱሌይማን ይስማማሉ፣ እኛም እንስማማለን።»

«እኔስ ተስማምቼ ነበር» አሉ ኦቦ ሱሌይማን። «ግን ጉባኤ ያስፈልጋል አላችሁ። ከቡድኔ ግማሹ ከብት ይዞ ጊኒር ገበያ ወርዷል፣ የሚመለሰው እሑድ ነው። ሰኞ ጥሪ ባደርግ፣ ሰባት ቀን…»

ሁላችንም በጣታችን ቆጠርን። ሰኞ ጥር 19።

«ሠርጉስ?» አለ ቶፊቅ።

«ጥር 18» አለ ገዳ። «በአንድ ቀን አለፈው።»

ፍቅርአዲስ ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ በሣቅ ፈነዳች። «አንተ ሰው» አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ሌላው ሙሽራ ደጁ ላይ ድንኳን ይተክላል፣ አንተ አንቀጽ ተከልህ። አራት መቶ ሰው ምዕራፍ ሦስት ላይ ልናስቀምጥ ነው?»

ምን ልበል? ድንኳኔን በገዛ አፌ ነቅዬዋለሁ። ማፈር ነበረብኝ፤ እሷ ስትሥቅ ግን ማፈር አልቻልኩም። እግሬ ሥር ያለችው መሬት ቀለለችኝ። መዝገቡን በደረቴ ይዤ እንደ ሞኝ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

ያኔ ነው አዴ ዙሀይራ የተናገሩት። «ቶፊቅ፣ እንግዲህ አሁን የምትገባው ወደ እኔ ማሳ ነው አይደል?»

«አዎ፣ አዴ።»

«መቼ ትጨርሳለህ?»

«ዶሮው ካላዘገየኝ እስከ አሥር ሰዓት።»

«ቶሌ፣ እሺ። ድንኳኑን እኔ ማሳ ላይ ይትከሉት። ቦይ መሻገር ነው፤ የሙሽራ መኪና ቦይ አይሻገርም ያለ የለም።»

ማናችንም ይህን አላሰብንም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ማሽን ወዴት ይሂድ ስንል፣ የሚታጨደው ሜዳ ዓይናችን ፊት ነበር። ጋሼ እሸቴ ግን ሰብሳቢ ናቸው። «ጥሩ ሐሳብ ነው። ሆኖም ማሳው በማኅበሩ ማሽን የሚታጨድ እንደ መሆኑ፣ አጠቃቀሙን ማእከሉ ተመልክቶ ቢፈቅድ…»

አዴ ዙሀይራ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። ለማእከሉ የተሰጠው ምንድን ነው?»

«ነዳጅ፣ መለዋወጫና ኦፕሬተር።»

«ድንኳን አለበት?»

«የለበትም።»

«ሠርግስ?»

«የለበትም።»

«ያልተሰጠው የማነው?»

«የቡድኑ ነው፣ አዴ።»

«ሱሌይማን፣ ቡድኑ ምን ይላል?»

«ቡድኑ የሠርጉ ጥሪ መቼ ይደርሰኛል ይላል» አሉ ኦቦ ሱሌይማን።

ጋሼ እሸቴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «በቃኝ። የመለዋወጫ ሚኒስትር ሆኜ ልቀር ነው።»

«አንድ ሁለት ነገር አለኝ» አሉ አዴ ዙሀይራ። «የሙስሊሙ እንግዳ ድስት ከእኔ ቤት ነው የሚወጣው። በሬውን ሱሌይማን ያርዳል። ይህ አንድ።»

«እንዴታ» አለች ፍቅርአዲስ።

«ሁለተኛ፣ ማሳውን ሙሽራው ራሱ ይጠይቀኝ። ከመጣን ጀምሮ ከመጽሐፍ ያልወጣ ቃል ከአፉ አልሰማሁም።»

ገዳ እያፏጨ ወደ ሌላ አየ። ቶፊቅ በደንብ ለማየት ከመሰላሉ አንድ ደረጃ ወረደ። እኔ መዝገቡን ከፈትኩ፣ የሚነበብ ነገር እንደሚገኝ።

«አይሆንም፣ ዝጋው» አሉ አዴ ዙሀይራ።

ፍቅርአዲስ መጥታ መዝገቡን ከእጄ ወሰደችው። እጄ ባዶ ሲሆን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጆሮዬ ጋለ። ስንዴው በነፋስ እያጎነበሰ ይነሣል፤ እሱን እያየሁ ጀመርኩ።

«አዴ ዙሀይራ፣ ማሳዎን ለሠርጌ ያውሱኛል?»

«ከማን ጋር ነው ሠርጉ?»

«ያውቃሉ እኮ።»

«እኔ አሮጊት ነኝ፣ ረሳሁ።»

ሞተር አልተነሣ፣ ወፍ አልጮኸ፤ አንድም የሚሸፍነኝ ድምፅ የለም። «ከፍቅርአዲስ ጋር» አልኩ።

«ማሽኑ ጋር ያለው አልሰማም» አለ ቶፊቅ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ።

«ከፍቅርአዲስ ጋር» አልኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ድምፄ ቦዩን ተሻግሮ እናቴ ደጅ ድረስ ሄደ፤ እናቴም ከዚያ ማዶ «ምን ሆነች?» ብላ ጠየቀች። ኦቦ ሱሌይማን ማሻ አላህ እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። ለእናቴ ምንም እንዳልሆነች፣ ደኅና እንደሆነች፣ እንደማገባት፣ ድንኳኑ ከቦዩ ማዶ እንደሚሆን፣ ሁሉንም በጩኸት ነገርኳት። በሕይወቴ እንደዚያ ብዙ ተናግሬ አላውቅም።

«ተሰጥቶሃል» አሉ አዴ ዙሀይራ። «አሁን ተነሡ፣ ወጡ እየቀዘቀዘ ነው።»

ፍቅርአዲስ መዝገቡን ስትመልስልኝ ያችን የቀለም ነጥብ አየቻት። «ይህቺስ ምንድን ናት?»

«ምንም አይደለችም። ልጽፍ ብዬ ነው።»

«እንዳትፍቃት» አለች።

አልፋቅኋትም። ከሥሯ «ማሻሻያው አልጸደቀም» ብዬ ጻፍኩና ሁሉም ፈረሙ። አዴ ዙሀይራ ድምፅ ባይኖራቸውም ከጎን በጣታቸው ፈረሙ።

ኮምባይነሩ በዚያው ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አዴ ዙሀይራ ማሳ ገብቶ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። ሠርጉ እሑድ ጥር 18 ቀን በዚያው ማሳ ላይ ተደረገ። የእኛ ስንዴ ማክሰኞ ጥር 20 ቀን ታጨደ። ማእከሉ ማሽኑን ለሠርግ ብቻ፣ የሚታለፈው ባለማሳ ሲስማማ ብቻ ከተራ ውጭ እንዲልክ የሚፈቅደው ማሻሻያ ሐሙስ የካቲት 6 ቀን በሦስቱም ቡድኖች ጸደቀ።